ከደም ጠብታው ይልቅ መድኃኒቱን አጥኚ

ጥያቄ፦ «የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በባዮኬሚስትሪ አዲስ አበባ ጨርሻለሁ። አሁን አውሮፓ የሦስተኛ ዲግሪ ዕድል አግኝቻለሁ። ርዕሱ በፕሮቲን ትንተና የልጆችን ካንሰር ሕክምና ማሻሻል ነው። ዝርዝሩን ራሴ እንድመርጥ ነግረውኛል። የእኔ ሐሳብ ከአንድ ጠብታ ደም የልጆችን ካንሰር ቀድሞ የሚያሳውቅ ፕሮቲን አግኝቼ ወደ አገሬ ይዤ መምጣት ነው። የአጎቴ ልጅ በደም ካንሰር ያረፈው ዘግይቶ ስለታወቀ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ጂኑ ሁሉ ተነቧል፣ ፕሮቲን ምን ይጨምራል?› ይሉኛል። በአራት ዓመት ውስጥ ለታማሚ የሚደርስ ነገር መሥራት ይቻላል? ናሙናስ ከአዲስ አበባ ብወስድ? ምክርዎን እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦ ዕድሉን ተቀበይ። ዝርዝር ርዕሱን ግን ቀይሪ። የመረጥሽው ጥያቄ ሲሰሙት ልብ የሚነካ፣ ሲሠሩት ግን ብዙም ወደ ልጆቹ የማይደርስ ነው። ብዙ ጎበዝ ሰው ዕድሜውን ጨርሶበታል።

ከቅድመ ምርመራው ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት የልጆች ካንሰር በአብዛኛው ሊከላከሉት የማይቻል፣ ጤነኛ ልጆችን በጅምላ በመመርመርም ቀድሞ የማይገኝ በሽታ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ በሽታው የሚይዘው ጥቂት ልጆችን ነው። ሁለተኛ፣ ይፈጥናል። የአዋቂ ሰው የአንጀት ካንሰር ለማደግ ዓመታት ይወስድበታል። የልጅ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ግን የሳምንታት ጉዳይ ነው። መስከረም ላይ ደሙ ንጹሕ የነበረ ልጅ ኅዳር ላይ አልጋ ሊይዝ ይችላል። ታዲያ በየስንት ጊዜው ልትመረምሪው ነው?

ሒሳቡን እንሥራው። ከ100,000 ልጆች በዓመት ካንሰር የሚይዛቸው 15 ገደማ ናቸው። አንቺ 99 በመቶ ትክክል የሆነ ምርመራ አገኘሽ እንበል። እንዲህ ያለ ምርመራ ራሱ ተአምር ነው። ይህ ተአምር ከጤነኞቹ ውስጥ ወደ 1,000 የሚሆኑትን «ታመዋል» ይልሻል። 15 ልጆችን ለማግኘት አንድ ሺህ እናት ታስለቅሺያለሽ። የአንድ ሺህ ልጅ መቅኔ በመርፌ ሊቀዳ፣ ሲቲ ስካን ሊነሣ ነው።

ጃፓን ይህን መንገድ ሄዳበታለች። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የስድስት ወር ሕፃናትን ሽንት በመላ አገሪቱ እየመረመረች ኒውሮብላስቶማ የሚባለውን የልጆች የነርቭ ሕዋስ ዕጢ ፈለገች። (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚለካው ፕሮቲን አልነበረም፣ ዕጢው የሚያመነጨው ኬሚካል ነው፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። ብዙ ዕጢ ተገኘ። በ2002 ከካናዳና ከጀርመን የወጡ ጥናቶች ግን ምርመራው ሞትን እንደማይቀንስ አሳዩ። ከተገኙት ዕጢዎች ብዙዎቹ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው የሚጠፉ ዓይነት ነበሩ። በማይገድል ዕጢ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ ኬሞ የወሰዱ ሕፃናት አሉ። ጃፓን በ2004 አቆመችው።

የአጎትሽ ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ነፍሱን ይማር። እሱ ዘግይቶ የታወቀው ምርመራ ስላልተፈለሰፈ አይመስለኝም። አገራችን ውስጥ የሚሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ልጁ ይገረጣል፣ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ እግሬን አጥንቴን ይላል። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ መርፌ ይወጋል። ሳይሻለው ሲቀር ሌላ ክሊኒክ፣ ከዚያ ጠበል፣ ከዚያ ደግሞ ቁርጥማት ነው ይባላል። በመጨረሻ ድዱ ሲደማና ሰውነቱ ሲበልዝ ሪፈር ይጻፍለታል። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ሲቢሲ (የደም ሕዋስ ቆጠራ) እና የደም ስሚር (መስታወት ላይ የተቀባ ደም) ነው፤ ከዚያም ስሚሩን በማይክሮስኮፕ አይቶ «ይሄ ልክ አይደለም» የሚል የላብራቶሪ ባለሙያ። ለዚህ አዲስ ፕሮቲን አያስፈልግም። ሥልጠናና የሪፈራል ሥርዓት ነው የሚያስፈልገው። ልብሽ ያለው እዚያ ከሆነ የሕብረተሰብ ጤና አጥኚ፤ እሱም ትልቅ ሥራ ነው። ሁለቱን ግን አታደባልቂ።

ወደ ጓደኞችሽ ጥያቄ እንምጣ። ግማሽ እውነት አለው። የልጆች ካንሰር ሕክምና ዛሬ የቆመው በጂን ምርመራ ላይ ነው፤ ያንን የሚያጣጥል የፕሮቲን ተመራማሪ ካጋጠመሽ አትከተዪው። ነገር ግን ጂን የሚነግርሽ ሕዋሱ ምን ሊሠራ እንደሚችል ነው። አሁን እየሠራ ያለው ፕሮቲኑ ነው። ብዙዎቹ መድኃኒቶችም የሚይዙት ፕሮቲንን ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ የጂኑ መልእክት፣ ማለትም አርኤንኤው፣ ብዙ ሆኖ ፕሮቲኑ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ፕሮቲኑ ሞልቶም ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ሲለጠፍበት ይነቃል፣ ሲነሣለት ይተኛል። ይህን ጂኑን በማንበብ አታዪውም።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥሽ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። ቲ-ሴል የሚባለው የልጆች ሉኪሚያ አለ። በ2021 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከእነዚህ ሉኪሚያዎች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በላብራቶሪ ውስጥ ዳሳቲኒብ ለሚባል መድኃኒት እጅ ይሰጣሉ። ዳሳቲኒብ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ሉኪሚያ ነው፤ የዚያ ሉኪሚያ የጂን ምልክት ደግሞ እነዚህ ላይ የለም። በጂን ብቻ ብትሄጂ ለእነዚህ ልጆች መድኃኒቱ ይሠራል ብሎ የሚያስብ አይኖርም። ምክንያቱ የተገኘው ኤልሲኬ የሚባል ፕሮቲን ነቅቶ በመታየቱ ነው። በአንጎል ዕጢም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሜዱሎብላስቶማ ላይ በ2018 የታተሙ ሥራዎች በአርኤንኤ አንድ የሚመስሉ ዕጢዎች በፕሮቲን ሲታዩ እንደሚለያዩ አሳይተዋል። በ2020 ደግሞ ሰባት ዓይነት የልጆች የአንጎል ዕጢዎችን ያካተተ፣ 218 ናሙና ያለው ትልቅ ሥራ ታትሟል። ስለዚህ ለጓደኞችሽ መልሱ «ፕሮቲን ይጨምራል፣ ግን ጂኑን አይተካም» ነው።

ደግሞም ፕሮቲን መለካት ለካንሰር ሐኪም አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ሲዲ4 የሚለውን ስም በኤች አይ ቪ ምክንያት የማያውቅ የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያ የለም። እሱ በነጭ የደም ሕዋስ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። ሲዲ19 እና ሲዲ10 ደግሞ በስም አወጣጥ የእሱ ዘመዶች ናቸው፤ የሉኪሚያውን ዓይነት የምንለየው በእነሱ ነው። በፍሎው ሳይቶሜትሪ፣ ማለትም ሕዋሶችን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፉ በሚለዩበት ዘዴ፣ ከ10,000 ሕዋስ መሐል የቀረችውን አንዷን የካንሰር ሕዋስ የምናገኘውም በእነዚሁ ፕሮቲኖች ነው። ሲዲ19ን የሚይዘው ብሊናቱሞማብ የሚባል መድኃኒት በ2024 መጨረሻ በታተመ ትልቅ ሙከራ «መደበኛ ስጋት» በሚባለው ክፍል ያሉ የሉኪሚያ ልጆችን ውጤት ከፍ አድርጓል። በሦስት ዓመት በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት በኬሞ ብቻ 87.9 በመቶ፣ መድኃኒቱ ሲጨመር 96 በመቶ ነበሩ። ለጉበት ዕጢ ኤኤፍፒ የሚባል የደም ፕሮቲን አለ። እሱን ስትለኪ ግን ተጠንቀቂ፤ አዲስ የተወለደ ጤነኛ ሕፃን ኤኤፍፒው በተፈጥሮው ሰማይ የነካ ነው፤ የሚወርደው በወራት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛ ሕፃን ታሟል ሊል ይችላል። ለልብ ጉዳት ደግሞ ትሮፖኒን አለ፤ ልብ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን ነው። ልብን ሊጎዳ የሚችለውን ዶክሶሩቢሲን የሚባል የኬሞ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ላይ ልብን የሚጠብቀው ዴክስራዞክሴን ሲጨመር ትሮፖኒናቸው ከፍ የሚልባቸው ልጆች ከ50 ወደ 21 በመቶ መውረዳቸው በ2004 ታይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውዪ። እነዚህ ሁሉ ምርመራዎች የሚለኩት አንድ ወይም ጥቂት ፕሮቲን ነው። መሣሪያቸውም አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲን፣ ነው። አንቺ የምትማሪበት ማስ ስፔክትሮሜትር (የፕሮቲን ቁራጮችን በክብደታቸው የሚለይ ማሽን) በሺህ የሚቆጠር ፕሮቲን በአንዴ ያያል፣ ግን ለፍለጋ ነው። አልጋው አጠገብ የሚደርሰው ትንሹ ምርመራ ነው። ትልቁን ማሽን ወደ አገሬ ይዤ እገባለሁ ብለሽ አታስቢ።

የላብራቶሪው ሥራ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚያ ነውና። መቅኔው ተቀድቶ ይመጣል። የካንሰሩን ሕዋሶች ትለያለሽ፣ ትሰባብሪያቸዋለሽ፣ ትሪፕሲን ጨምረሽ በ37 ዲግሪ ታሳድሪዋለሽ። ትሪፕሲን ፕሮቲኑን በየተወሰነ ቦታው ይቆራርጠዋል። ጠዋት ጨዉን አጥበሽ ወደ ማሽኑ ታስገቢዋለሽ፤ ማሽኑ የቁራጮቹን ክብደት ይለካል፣ ኮምፒውተሩ ከየትኛው ፕሮቲን እንደመጡ ይገምታል። ሲወራ ቀላል ነው። የሱፍ ሹራብ ለብሰሽ ከሠራሽ ግን የበጉ ኬራቲን ውጤትሽ ውስጥ ይገኛል። የራስሽ ፀጉርና ቆዳ ኬራቲን ደግሞ ሁልጊዜም አለ፤ አንድ ቀን «አዲስ ግኝት» ብለሽ እንዳትሮጪ። ደሙ ሲቀዳ ቀይ ሕዋሱ ከፈነዳ ሄሞግሎቢን ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። በፕላዝማ (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ብትሠሪ ግማሹ ፕሮቲን አልቡሚን ነው፤ አንቺ የምትፈልጊው ከሥሩ ተደብቋል። ፎስፌቱ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል። ነርሷ ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስልክ ካነጋገረች አንቺ የምትለኪው ካንሰሩን ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ የቆየበትን ጊዜ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ስታቲስቲክሱ ነው። 6,000 ፕሮቲን ለካሽ እንበል። በሽታው ያገረሸባቸውን 20 ልጆች ካላገረሸባቸው 20 ጋር አወዳደርሽ። በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት ብትሄጂ፣ አንድም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ 300 ፕሮቲን በአጋጣሚ ብቻ «የተለየ» ሆኖ ይወጣል። ከ300ው ውስጥ ታሪክ የሚሠራለት አይጠፋም። አማካሪሽም ሊደሰት ይችላል። በ2002 የእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰርን ከደም ፕሮቲን አሻራ ለይተናል የሚል ሥራ በታላቅ የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ዓለም ተንጫጫ። አንድም ታማሚ አላመለጠንም ብለው ነበር። በኋላ ሌሎች መረጃውን ሲፈትሹት ከልዩነቱ ብዙው ከናሙናው አሠራርና ከማሽኑ የመጣ ሆኖ ተገኘ። የታመሙትን ሰኞ፣ ጤነኞቹን ሐሙስ ማሽን ውስጥ ብታስገቢ ማሽኑ ሰኞንና ሐሙስን በደንብ ይለይልሻል። ስለዚህ ናሙናውን ቀላቅይ። የማን እንደሆነ ሳታውቂ ሥሪ። መጀመሪያ ካገኘሽበት ቡድን ውጪ በሌላ ሆስፒታል ልጆች ላይ ሳታረጋግጪ አታሳትሚ።

በአራት ዓመት ለታማሚ የሚደርስ ነገር ይወጣል ወይ? አዲስ መድኃኒት ከሆነ፣ አይወጣም። በአንዳንድ ሉኪሚያዎች ሕዋስ ውስጥ የሚገኘው የተበላሸ ክሮሞዞም፣ የፊላደልፊያ ክሮሞዞም የሚባለው፣ የታየው በ1960 ነው። ከሁለት ክሮሞዞሞች መቀያየር እንደሚመጣ የታወቀው በ1973። ከዚያ የሚወለደውን ፕሮቲን የሚያስተኛው ኢማቲኒብ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2001፣ መጀመሪያም ለአዋቂዎች ነው። ይህ ክሮሞዞም ያለበት ሉኪሚያ የያዛቸው ልጆች ላይ ትልቅ ለውጥ ማምጣቱ የታተመው በ2009። ቁጥሩ የሚያስገርም ነው፤ በሦስት ዓመት ያለ ችግር የቆዩት ቀድሞ 35 በመቶ ነበሩ፣ ኢማቲኒብ ሲጨመር 80 ሆኑ። ግን ከመጀመሪያው ግኝት ግማሽ ምዕት ዓመት ወስዷል። አንድ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ይህን ሰንሰለት አንድ ቀለበት ይጨምርለታል። ሌላም ነገር አለ፤ በሀብታም አገሮች ልጆችን ከሉኪሚያ የሚያድኑት ዋና ዋና መድኃኒቶች አብዛኞቹ ከ1970ዎቹ በፊት የተገኙ ናቸው። ፈውሱን ወደ 90 በመቶ ያደረሰው እነዚያኑ መድኃኒቶች በትክክለኛው መጠን፣ ለትክክለኛው ልጅ፣ ሳያቋርጡ መስጠት ነው። እዚህ ላይ ነው ለአንቺ ቦታ የሚታየኝ።

በእኔ እይታ አራት በር አለሽ። ቅድመ ምርመራውን ዘግተነዋል። የአንጎል ዕጢ በር ሰፊ ነው፣ ሳይንሱም ያጓጓል፤ ግን ናሙና ለማግኘት ትልቅ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ማዕከልና ጨረር ያለው ሥርዓት ውስጥ መሆን አለብሽ፣ ግኝቱም ወደ አገርሽ ለመድረስ ሩቅ ነው። ማገርሸትን መተንበይ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን የሚያገረሽባቸው ከአሥር አንድ ገደማ ከሆኑ፣ ያገረሸባቸው 40 ልጆች ለማግኘት 400 የታከሙ ልጆች ያስፈልጉሻል። ይህ የሚቻለው እንደ ቢኤፍኤም (ከጀርመን የተነሣ የልጆች ሉኪሚያ ሕክምና ቡድን) ወይም የኖርዲክ አገሮች ቡድን ያሉት ያከማቹትን ናሙና ካገኘሽ ብቻ ነው።

አራተኛውን ነው የምመክርሽ። አስፓራጂኔዝን አጥኚ።

ለምን? አስፓራጂኔዝ ራሱ ፕሮቲን ነው፤ መድኃኒት የሆነ ኢንዛይም። ታሪኩ የሚጀምረው በ1953 ኪድ የተባለ ተመራማሪ የጊኒ ፒግ ሴረም በአይጦች ላይ ያለ ሊምፎማ ሲያጠፋ ባየ ጊዜ ነው። ጤነኛ ሕዋስ አስፓራጂን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ራሱ ይሠራል። የሉኪሚያ ሕዋስ በበቂ መጠን መሥራት ስለማይችል ከደም ይለምናል። ኢንዛይሙ ደሙ ውስጥ ያለውን አስፓራጂን ሲያጠፋበት በረሃብ ይሞታል። ይህ መድኃኒት መቋረጡ ያስከፍላል። ቦስተን ውስጥ በተደረገ ሙከራ 26 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከወሰዱት ልጆች 90 በመቶው፣ ከዚያ በታች ከወሰዱት 73 በመቶው ብቻ አምስት ዓመት ያለ ችግር ደርሰዋል።

አሁን ችግሩን ተመልከቺ። መድኃኒቱ ከባክቴሪያ የተገኘ ስለሆነ የልጁ ሰውነት አንቲቦዲ ይሠራበታል። አንዳንዱ ልጅ ያብጣል፣ ሽፍታ ይወጣበታል፣ ይታወቃል። ሌላው ግን ምንም አይታይበትም። መርፌውን ይወጋል፣ ቤቱ ይገባል፣ አንቲቦዲው ግን መድኃኒቱን በዝምታ ገድሎታል። ሐኪሙ ሰጥቻለሁ ብሎ ይጽፋል። ልጁ ግን አልወሰደም ማለት ነው። ይህን የሚያሳየው ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ደም ቀድቶ የኢንዛይሙን ሥራ መለካት ነው። በአንድ ሚሊሊትር ከ0.1 ዩኒት በታች ከሆነ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ አይደለም ይባላል። ኖርዲክ አገሮች ይህን በሕክምና ፕሮቶኮላቸው ውስጥ አስገብተውታል። ምርመራው ቀለም በሚያነብ ተራ የፕሌት ማንበቢያ ይሠራል፤ ማስ ስፔክትሮሜትር አይጠይቅም። አስፓራጂኑን ራሱን ልለካ ካልሽ ግን ትቸገሪያለሽ፤ ቱቦው ውስጥም ኢንዛይሙ መብላቱን ስለማያቆም በረዶ ላይ ወዲያው ካልተያዘ ቁጥሩ ይዋሻል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ብራዚል በ2017 በርካሽ የገዛችው አስፓራጂኔዝ ሐኪሞቿን አስቆጣ። ካምፒናስ ያለ የልጆች ካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች በማስ ስፔክትሮሜትር ሲያዩት ቀድሞ ከሚጠቀሙበት ይልቅ እጅግ ብዙ ሌላ የባክቴሪያ ፕሮቲን አገኙበት። የፕሮቲን ትንተና ማለት ለእኔ ይህ ነው። ውጤቱ መጽሔት ላይ ብቻ አልቀረም፤ የትኛው ብልቃጥ ለልጅ ይሰጥ በሚለው ክርክር መሐል ገባ። ኢትዮጵያም መድኃኒቱን ከውጭ ታስገባለች። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ማቀዝቀዣው ስንት ቀን መብራት አጥቶ ነበር? ብልቃጡ ልጁ ጋ ሲደርስ ስንት በመቶው ይሠራል? የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና መድኃኒት ገዢው ሊጠቀሙበት የሚችሉት መልስ እዚህ አለ።

ሦስተኛው ለሦስተኛ ዲግሪ የሚበቃ ከባዱ ሳይንስ ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ በደንብ እየሠራም የማይሞቱ ሉኪሚያዎች አሉ። አስፓራጂንን የሚሠራው ኢንዛይም መጠን ያስረዳዋል ተብሎ ነበር። በአርኤንኤ የለኩት ጥናቶች ግን እርስ በርስ ይጋጫሉ። መቅኔ ውስጥ ያሉ ደጋፊ ሕዋሶችም ለካንሰሩ አስፓራጂን እየሰጡ ያኖሩታል። በፕሮቲን ደረጃ፣ ከሕክምና በፊትና በኋላ፣ በአንድ ልጅ ሕዋሶች ላይ ምን እንደሚለወጥ ማየት ያንቺ ዋና ምዕራፍ ይሁን። ሁለቱ ተግባራዊ ምዕራፎች ከጎኑ ይቁሙ።

ይህ ምክር ገደብ አለው። አስፓራጂኔዝ ልጆችን በብዛት ለሚይዘው የሉኪሚያ ዓይነት (ሊምፎብላስቲክ ለሚባለው) እና ለአንዳንድ ሊምፎማ እንጂ ለኩላሊት ወይም ለዓይን ዕጢ አይሆንም። ደግሞም የአንድ ልጅ መድኃኒት እንደማይሠራ ካወቅሽ በኋላ ምን ትሰጪዋለሽ? ምትኩ ኤርዊኒያ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ የሚሠራው ዓይነት ነው። እሱ ውድ ነው፣ ሀብታም አገሮች ውስጥም ሳይቀር እየጠፋ ያስቸገረበት ጊዜ ነበር። ምትክ በሌለበት አገር የአንድ ልጅ ውጤት ሐኪሙን ከመጨነቅ በቀር ብዙ ላይረዳው ይችላል። የአንድ አቅርቦት ሁሉ ብልቃጥ ደካማ መሆኑን ማወቅ ግን ይረዳል፤ አቅራቢ መቀየር ይቻላልና። ከዚህም በላይ፣ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች፣ በሀብታሞቹ ከ80 በመቶ በላይ መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ሲጽፍ ምክንያቶቹን ዘርዝሯል። መዘግየት፣ የተሳሳተ ምርመራ፣ ሕክምና ማቋረጥ፣ የመድኃኒት እጦት፣ በኬሞው ጉዳት መሞት። ከጎንደር ወይም ከወለጋ መጥቶ ጥቁር አንበሳ የተኛ ልጅ አባት የመሳፈሪያና የማደሪያ ሲያልቅበት ልጁን ይዞ ይመለሳል። የትኛውም ፕሮቲን ይህን አይፈታውም።

ናሙናን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከአዲስ አበባ ምንም አትውሰጂ። ዘዴሽ ገና ሳይረጋ የሕፃን መቅኔ ማባከን ነው። ደም ወይም መቅኔ ከአገር ለማውጣት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የናሙና ዝውውር ስምምነት ያስፈልጋል። ወራት ይፈጃል፤ በሻንጣ የሚወጣ ነገር አይደለም። የወላጅ ፈቃድ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ፣ ልጁም ዕድሜው ከፈቀደ ይጠየቅ። ለጥናት ብቻ ተብሎ ተጨማሪ መርፌ አይወጋም፤ ለሕክምና ከተቀዳው የተረፈው ይበቃሻል። የኢንዛይሙን መለኪያ ግን ናሙናውን ወደ ውጭ ከመላክ እዚያው አዲስ አበባ ብትተክዪው ይሻላል። የላብራቶሪ ባለሙያ ታሠለጥኛለሽ፤ አንቺ ብትመለሽም ባትመለሽም ሥራው ይቀጥላል።

ይህን የምታነቡ የታመመ ልጅ ወላጆችም ትኖራላችሁ። እዚህ የምናወራው ፕሮቲን የእንቁላልና የሥጋው ጉዳይ አይደለም። ልጁን በደንብ መመገብ ኬሞውን እንዲቋቋም ይረዳዋል፤ ካንሰሩን ግን በምግብ አይቀይሩትም። ውጭ አገር የፕሮቲን ምርመራ እስኪመጣ ብላችሁ አንድም ቀጠሮ አታስተላልፉ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አማካሪሽን አራት ነገር በኢሜይል ጠይቂ፣ መልሱንም አስቀምጪ። ናሙናው አሁን ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ ወይስ ገና ይሰበሰባል? «ይሰበሰባል» ካለሽ ሁለት ዓመትሽ በመጠበቅ ያልቃል። ልጆችን በየቀኑ የሚያክም ሐኪም ሁለተኛ አማካሪ ይሆናል ወይ? ስታቲስቲክሱን የሚያየው ማን ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮስ አለ? ማሽኑ ላይ በወር ስንት ቀን ይሰጥሻል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ጥርት ያለ መልስ ካላገኘሽ ሌላ ላብራቶሪ ፈልጊ። ካገኘሽ ደግሞ የአስፓራጂኔዙን ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪለት። ገጹ ላይ ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን መልሺ፦ ውጤቱ «አዎ» ሲሆን ሐኪሙ ምን ያደርጋል፣ «አይ» ሲሆንስ?